የድሬዳዋ ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለማን ነው የሚሠራው? በጀቱ ሳይጸድቅ እንነጋገርበት

ከዚራ ጥላ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም ለድሬዳዋና ለሐረር ሰዎች፤ በሩቅ ሆናችሁ ለምትከታተሉንም ጭምር።

ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ምክር ቤቱ ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለትምህርትና ለጤና የሚመደበውን ሲያጸድቅ ለብዙኃን መገናኛ የሚመደበውም አብሮ ያልፋል። ውሃ ሲጠፋ እንጮኻለን። አስፋልት ሲፈርስ እንጮኻለን። በግብራችን ስለሚተዳደር ጣቢያ ግን «ዘንድሮ ምን አደረገልን?» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ሳንጠይቅ ኖረን ስናበቃ ደግሞ ጣቢያው የእኛ አይደለም እያልን እናማዋለን።

እኔ መምህር እንጂ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው የሕዝብ ጣቢያ ለአንድ ከተማ ምን ማድረግ እንደሚችል አጥብቄ ስለማምን ነው። የግል ጣቢያ ማስታወቂያ ወዳለበት ይሄዳል፤ በዚህም አልወቅሰውም፤ ደመወዝ የሚከፍለው ከዚያ ነው። ከሕዝብ ካዝና የሚኖር ጣቢያ ግን ማስታወቂያ ለማያመጣው ሰው የመሥራት ግዴታ አለበት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ለሚተኛው የቀን ሠራተኛ፣ ከሶማሊኛ በስተቀር ሌላ ለማትሰማው እናት፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ማሽላው በአንበጣ ይበላ እንደሆነ ለሚሰጋው ገበሬ። ሌላ የመረጃ በር የሌለው ሰው ከዚህ ጣቢያ ምን አገኘ? ምክር ቤቱ በጀቱን ሲመዝን ይህን ይጠይቅ እላለሁ። በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው ሪፖርት ስንት ሰዓት እንደተሰራጨና ስንት ዜና እንደተሠራ ይነግረናል። ከሰዓቱና ከዜናው ብዛት ግን ማን እንደተጠቀመ አይታወቅም።

የምታውቁትን ጻፉ። በሙያው ውስጥ ያላችሁ በተለይ አትለፉን።


ነምበር ዋን

ሐሳብህን አከብራለሁ ወንድሜ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለምን ለውሃ አይውልም? ዛሬ ሰው ሁሉ ስልክ ይዟል። መብራት የሚቋረጥበትን ሰዓት የማውቀው ከቴሌግራም ነው። ለቅሶ የምሰማው ከፌስቡክ ነው። ስቱዲዮው፣ ካሜራው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰበው የሳተላይት ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ተደምሮ ብዙ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በርሜል ተደርድሮ ውሃ በሚጠበቅበት ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን የቅንጦት ነገር ይመስለኛል።


ደቻቱ ማዶ

ነምበር ዋን፣ ስለ ሐምሌ 1998 ላስታውስህ። ሐምሌ 30 ሊነጋ ሲል ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ብዙዎቹ በተኙበት ነው የሄዱት። እዚህ የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ወንዙን የሚሞላው ከተማው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃው ከደጋው፣ ከደንገጎ ተዳፋት ይወርዳል። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ ደቻቱ ይመጣል። ስለዚህ ላይ ያለው ሰው ያየውን ታች ላለው የሚያደርስ መንገድ ቢኖር ልጅ አንጠልጥሎ ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ይገኛል።

ቴሌግራም ይበቃል ትላለህ። ዳታ የሌለው ሰው አለ። ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛ አለ። መብራት ከጠፋ ቆየት ብሎ ኔትወርኩም ይጠፋል። በእርግጥ ሬዲዮም ቢሆን የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፤ ይህን አስቤበታለሁ። ሌሊት ግን የሚነቁ ሰዎች አሉ፤ የቀበሌ ጥበቃዎች፣ የመስጊድ ሙአዚኖች፣ የቤተ ክርስቲያን ዘበኞች፣ የዳቦ ቤት ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሾፌሮች። እነዚህ በክረምቱ ሌሊቶች ሬዲዮ ከፍተው ቢያድሩ፣ ጣቢያውም ከላይኛው ወረዳ በስልክ የሚደርሰውን ወዲያው ቢናገር፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የቀረውን ይሠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ አንድ የሌሊት ተረኛ አስተዋዋቂ፣ አንድ ቴክኒሻንና አስቀድሞ የተጻፈ የሥራ ደንብ ነው። ማን ይደውላል? ማን ያረጋግጣል? ተረኛው አለቃውን ሳያስፈቅድ መናገር ይችላል ወይ? ሌሊት በስምንት ሰዓት ፈቃድ ጠይቆ መልስ ሲጠብቅ ውሃው ያልፋል።

ከጎርፍ በኋላም ሥራ አለ። «ሌላ ጎርፍ እየመጣ ነው» የሚል ወሬ በስልክ ሲዛመት ሕዝቡ ተጋፍቶ እርስ በርሱ ይጎዳዳል። ሁሉም የሚያምነው አንድ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ እምነት ደግሞ በአደጋው ቀን አይፈጠርም። በደህናው ጊዜ እውነቱን ሲናገር የኖረ ጣቢያ ብቻ ነው በክፉ ቀን የሚታመነው።


ከዚራ ጥላ

ደቻቱ ማዶ፣ የተረኛው ሥልጣን ያልከው ቁልፍ ነገር ነው። በጽሑፍ ይቀመጥ ዘንድ ለምክር ቤት አባሎቻችን እናቀርበዋለን።


ጡረተኛ ቴክኒሻን

ልጆቼ፣ በማሰራጫ ሥራ ላይ እስከ ጡረታዬ ቆይቻለሁ። ይህን ውይይት በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ጣቢያ ሲወራ ማሰራጫውን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገኝምና።

የኤፍ ኤም ሞገድ፣ ማለትም በሬዲዮናችሁ ላይ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ድረስ የምታገኙት፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። ከፊቱ ኮረብታ ከቆመ ከኮረብታው ጀርባ ያለው መንደር አይሰማውም፤ ቢሰማም እየተቆራረጠ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደቡብ በኩል ያለው ተራራ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ያሻቅባል። የገጠር ቀበሌዎቻችን ብዙዎቹ የሚገኙት በዚያ ተዳፋት እጥፋት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ሳቢያን ሰፈር ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ አንድ ሸለቆ ሲሻገር ሊጠፋ ይችላል። ደቻቱ ማዶ ከላይ ያሉ ሰዎች ይደውሉ ብሏል፤ መልካም ነው። እነዚያው ሰዎች ጣቢያውን መስማት መቻላቸውም መረጋገጥ አለበት።

ባለሥልጣናት «የማሰራጫውን ኃይል እናሳድጋለን» ሲሉ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከ1 ኪሎ ዋት ወደ 2 ኪሎ ዋት ብታሳድጉት የኤሌክትሪክና የነዳጅ ወጪው እጥፍ ያህል ይሆናል። የሚደርስበት ርቀት ግን በክፍት ሜዳ እንኳ ቢበዛ 40 በመቶ ያህል ነው የሚጨምረው። ተራራው ደግሞ ከነበረበት አይንቀሳቀስም። የተሻለው መፍትሔ አንቴናውን ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት፣ ወይም በሸለቆዎቹ አፍ ላይ በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ትንንሽ ማስተላለፊያዎችን መትከል ነው። አነስተኛ ማስተላለፊያ በፀሐይ ኃይል ሊሠራ ይችላል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ሙቀቱንም አትርሱ። በግንቦትና በሰኔ የማሰራጫው ክፍል ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ማሰራጫው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል፤ ሲብስም ይጠፋል። ማቀዝቀዣው፣ ጄኔሬተሩ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ መለዋወጫው፣ እነዚህ በካሜራ ፊት የሚመረቁ ነገሮች አይደሉም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ከእነሱ ላይ ነው። አዲስ ስቱዲዮ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ለማቀዝቀዣ ጥገና ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። የምክር ቤት አባል ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ባለፈው ዓመት ስርጭቱ ለስንት ሰዓት ተቋረጠ? ምክንያቱስ? ጣቢያ ሁሉ የብልሽት መዝገብ ይይዛል። ያ መዝገብ ይቅረብ።


የጤና ባለሙያዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሸለቆዎቹ የተናገሩት እኔ በየቀኑ የምኖረው ነው። በገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ።

ነምበር ዋን ስለ ውሃና ስለ ሬዲዮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አድርጎ ጽፏል። በድሬዳዋ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤት ሁሉ በርሜልና ታንከር አለው። በ2006 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተኛው ቺኩንጉንያ፣ ሁለቱም በዚያ በተከማቸ ውሃ ውስጥ የሚራባው ትንኝ ያመጣቸው ናቸው። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሣብን። ሕዝባችን ወባ የክረምት ማብቂያ በሽታ ነው ብሎ የኖረ ነው። ያኔ የመጣው ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ወራሪ ትንኝ ያዛመተው ነበር። ይህ ትንኝ ከተማ ይወዳል፤ በርሜል፣ ገንዳ፣ የግንባታ ውሃ ይበቃዋል፤ ዝናብ አይጠብቅም።

የቆየው የወባ ትምህርት «ረግረግ አፋሱ፣ ኩሬ ድፈኑ» የሚል ነበር። ደቻቱ ደርቆ አሸዋ በሆነበት ወር ለከተማ ሰው ይህን መንገር ምን ይጠቅመዋል? መባል ያለበት «በርሜላችሁን በጥብቅ ክደኑ፣ ውሃው ሲያልቅ ግድግዳውን ፈትጉ» ነው። ውሃውን ድፉት የሚል ምክር ግን እንዳይተላለፍ እለምናለሁ። ውሃ ጠብቃ የቀዳች እናት አትደፋውም፤ እኔም ብሆን አልደፋውም። እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚዘጋጅ የጤና ማስታወቂያ አያውቀውም። የሚያውቀው እዚሁ ያለ፣ እናቶቹን ራሳቸውን ማይክ ፊት የሚያቀርብ ጣቢያ ነው። በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ሴቶች ውሃ በሚቀዱበትና ምጣድ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ይሰራጭ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እነሱ ደክሟቸው ተኝተዋል።


የቀድሞ ሪፖርተር

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በአንድ የመንግሥት ጣቢያ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠቅስም። ዜናው ለምን የስብሰባ ዜና እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ሰው ጋዜጠኛው ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለሆነ ይመስለዋል።

ጠዋት ዜና ክፍሉ ሲሰበሰብ ጠረጴዛው ላይ የጥሪ ደብዳቤዎች ይጠብቃሉ። ይህ ቢሮ ሥልጠና ይሰጣል፤ ያኛው ግማሽ ዓመቱን ይገመግማል፤ ሌላው ችግኝ ያስተክላል። የጣቢያው መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹ ጋራዥ ቆመዋል። የጠራው መሥሪያ ቤት ግን መኪና ይልካል፤ ምሳ ይጋብዛል፤ አንዳንዴም የውሎ አበል ይከፍላል። ሪፖርተሩ እስከ ማታው ዜና ድረስ አንድ ሥራ ማስረከብ አለበት፤ አፈጻጸሙ የሚለካው በዜና ብዛት ነው። የቢዮ አዋሌ ገበሬ ደብዳቤ አይጽፍም፤ መኪናም አይልክም። ስለዚህ ማንም «ገበሬውን ተዉት» ሳይል ገበሬው ይቀራል። አንድም ትእዛዝ ሳይሰጥ ዜናው በሙሉ የመሥሪያ ቤቶች ይሆናል።

ትእዛዝም የለም እያልኩ አይደለም። ስልክ ይደወላል፤ «ያቺን ዜና ትንሽ አቆዩአት» ይባላል። ከስልኩ ይልቅ ግን የመኪናው ጉዳይ ብዙ ዜና ገድሏል ብዬ አምናለሁ፤ ሊስተካከል የሚችለውም እሱ ነው። በበጀቱ ውስጥ ለማንም ጥሪ የማይውል መኪና፣ ነዳጅና አበል ተለይቶ ይቀመጥ። በሳምንት ሁለት ቀን ሪፖርተሮች ያለ ደብዳቤ ወደ ቀበሌ ይውጡ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። በሠራሁበት ጣቢያ ዜናው በአማርኛ ተጽፎ አመሻሽ ላይ ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ ክፍሎች ይሰጥ ነበር። እዚያ የነበሩ ጎበዝ ጋዜጠኞች የሰው ጽሑፍ ሲተረጉሙ ይኖራሉ፤ ራሳቸው ወጥተው የሚያመጡት ታሪክ ግን አየር ላይ የሚውልበት ቦታ ያጣል። ሦስት ቋንቋ አለን እያልን በሦስት ቋንቋ የአንድ ስብሰባ ዜና እናነብ ነበር።


ነምበር ዋን

የበርሜሉ ነገርና የመኪናው ነገር አሳስቦኛል። እሺ፣ ጣቢያ ያስፈልጋል እንበል። ሥራ አስኪያጁን የሚያስቀምጠውም የሚያነሣውም ሊተች የሚገባው አካል ከሆነ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ሪፖርተሩ ገጠር ሄዶ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ቀርጾ ቢመጣ ይተላለፍለታል?


የሕግ ሰው

ለነምበር ዋን ጥያቄ የሕጉን መልስ ልስጥ። ሕግ ብቻውን ድፍረት አይሰጥም፤ የሚጠይቅ ሰው ግን መቆሚያ ይሆነዋል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 5ን አንብቡት። በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ መመራት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ለጣቢያው የተሰጠ ምክር አይደለም፤ ግዴታ ነው። የ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 533 የሕዝብ ብሮድካስትን ሲተረጉም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም ለክልል ምክር ቤት እንደሆነ አስቀምጦ ነበር። የአስፈጻሚው አካል ቢሮዎች አለቃ እንዲሆኑበት አልታሰበም። ይኸው ዐዋጅ የዜናና የወቅታዊ ጉዳይ ፕሮግራሞች ስፖንሰር እንዳይደረጉም ከልክሎ ነበር። የቀድሞ ሪፖርተር የነገረን መኪናና አበል ስፖንሰር የሚል ስም ባይሰጠውም ጉዳቱ ያው ነው።

ከዚያ የመጣው የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር እንጂ በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል። ፓምፑን የቀረጸው ሪፖርተር ከዚህ አንጻር ከቀደሙት ይሻላል።

ድሬዳዋ በዐዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የተሰጣት ከተማ ናት፤ ምክር ቤት አላት። ጥያቄያችን በቀጥታ ለዚያ ምክር ቤት ነው መቅረብ ያለበት። ሌላም መሣሪያ አለን፦ በዐዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። መልስ የተነፈገ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል። ጡረተኛው ቴክኒሻን ያነሡትን የብልሽት መዝገብ፣ የጣቢያውን የኤዲቶሪያል ፖሊሲ፣ በየቋንቋው የተመደበውን ሠራተኛና ሰዓት በዚህ መንገድ መጠየቅ እንችላለን። ይህን መብት ስንጠቀምበት አላይም፤ ያሳዝነኛል።


ሐፈት ኢሳ

አባቴና ጓደኞቹ ሻይ ቤት ተሰብስበው የቢቢሲን የሶማሊኛ ዜና ሳይሰሙ አይውሉም። ያ አገልግሎት ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሽማግሌዎቹ አንባቢዎቹን በድምፃቸው ይለያሉ። ሞቃዲሾ ምን እንደተባለ፣ ሐርጌሳ ማን እንደተመረጠ ያውቃሉ። ሰፈራቸው ውስጥ የሚከፈተው የጤና ጣቢያ መቼ ሥራ እንደሚጀምር ግን አያውቁም። ለንደን ይህን አይነግራቸውም።

የእኛ ጣቢያ ከቢቢሲ ጋር በዓለም ዜና መወዳደር አይጠበቅበትም። ስለ ድሬዳዋ በሶማሊኛ ለመናገር ግን ተወዳዳሪ የለበትም። ሪፖርተሩ ሰፈራችን መጥቶ ሽማግሌዎቹን በቋንቋቸው ይጠይቃቸው፤ ከዚያ ያ ጥያቄና መልስ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ይመለስ። ሁልጊዜ ከአማርኛ ወደ እኛ ለምን ይፈሳል? የሶማሌው ሰፈር ችግር ለገሀሬ ላለው ሰው፣ የገንደ ቆሬው ለእኛ ካልተነገረ ጎን ለጎን እየኖርን የማንተዋወቅ ጎረቤቶች እንሆናለን። ባለፉት ዓመታት በከተማችን ግጭት ሲነሣ ወሬው እንዴት እንደተሰራጨ ሁላችንም አይተናል።


ነጋዴዋ ከታይዋን

ስለ ማስታወቂያ፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምነግደው እኔ ልናገር። እንደ እኔ ያሉ መካከለኛ ነጋዴዎች ጣቢያው ላይ ማስታወቂያ ለምን አያወጡም ብትሉኝ፣ ማን እንደሚሰማው የሚነግረን የለም። ስንት ሰው፣ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ? የአድማጭ ጥናት ይደረግና ውጤቱ ይታወቅ። ያኔ ገንዘቤን አወጣለሁ።

ለንግዱ የሚጠቅመውም ቀላል ነገር ነው። ማለዳ ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስንት ገባ? ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስደው የደወሌ መንገድ ክፍት ነው ወይ? ወደ ሐረር የሚወስደው ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል? ገጠር ያለችው ሴት የቲማቲም ዋጋ ሰምታ ብትመጣ ደላላ አይጫወትባትም። እኔ የምገዛት ነኝ፤ እንዲያም ሆኖ ዋጋውን አውቃ ብትመጣ እመርጣለሁ፤ ተማምነን እንሠራለን።


ጁገል

ከሐረር ነው የምጽፈው። እናንተ በሦስት ቋንቋ ስትጨነቁ እኛ ዘንድ ያለውን ጭንቀት ላካፍላችሁ።

በ1999 ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ ከ183,000 ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሐረሪዎች ከ10 በመቶ በታች ነን። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ በሐረሪ ቋንቋ የልጆች ፕሮግራም የሚያዘጋጅ የግል ጣቢያ በምድር ላይ አይገኝም። ሒሳቡ አይመጣለትም። በቋንቋችን ተረት የሚነገረው፣ የሴቶቻችን የሰርግ ዘፈን የሚቀረጸው፣ የሹዋሊድ በዓል ከዋዜማው እስከ ፍጻሜው የሚተላለፈው የሕዝብ ጣቢያ ስላለ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ሹዋሊድን በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር ዓለም አየው፤ የአያቶቻችንን ዝርዝር ዕውቀት ግን በቋንቋው ቀርጾ የሚያስቀምጥ እዚህ ያለ ሰው መሆን አለበት። የድሮ ካሴቶች በሙቀትና በአቧራ እየተበላሹ ከሆነ ማን ይጠይቃል? በበጀቱ ላይ የመዝገብ ክፍል የሚል መስመር እንዲኖር እናንተም እኛም እንጠይቅ።

ከናንተ ጋር የሚያገናኘን ሌላ ጉዳይ ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውሃ የምታገኘው ከድሬዳዋ አካባቢ ከአሰሊሶ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ዳገቱን ሁሉ በፓምፕ ወጥቶ ነው። ታች መብራት ሲቋረጥ እኛ ዘንድ ቧንቧው ይደርቃል። ሆኖም የሁለቱ ከተሞች ጣቢያዎች ስለዚህ ውሃ አብረው አንድ ፕሮግራም ለምን አይሠሩም? አሰሊሶ ያለው ነዋሪ፣ የፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተርና የጁገል እናት በአንድ ምሽት በአንድ አየር ላይ ቢነጋገሩ ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል። ደንገጎ ሞገዱን ከለከለ እንጂ ስልክ አልከለከለም።


ከዚራ ጥላ

ጁገል፣ የጋራ ፕሮግራሙ ሐሳብ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ነው።

በተግባር እንግባ። ለምክር ቤት አባሎቻችን የሚቀርብ አንድ ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በክረምቱ ሌሊቶች ተረኛ እንዲኖርና የአደጋ ማስጠንቀቂያ ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዲናገር፤ ለጥሪ የማይውል መኪናና ነዳጅ ተለይቶ እንዲመደብ፤ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ክፍሎች የራሳቸውን ዜና ከመስክ እንዲያመጡ፤ የማቀዝቀዣና የጄኔሬተር ጥገና በጀት እንዳይነካ። ነምበር ዋን የጠየቀውንም አስገብቻለሁ፦ በወር አንድ ጊዜ የውሃ፣ የመብራት፣ የጤናና የመሬት ኃላፊዎች ስልክ በሚደውል ሕዝብ ፊት በቀጥታ ስርጭት ይቅረቡ። ያልመጣው ኃላፊ መሥሪያ ቤት ስም በአየር ላይ ይነገር፤ ጥያቄዎቹም ይነበቡ። የጣቢያው ዓመታዊ ሪፖርት በምክር ቤት ሲቀርብ ደግሞ ጣቢያው ራሱ በቀጥታ ያስተላልፈው።

የሕግ ሰው፣ የመረጃ ጥያቄውን ደብዳቤ አንተ ብታረቅልን። የጤና ባለሙያዋ የኦሮምኛውን፣ ሐፈት ኢሳ የሶማሊኛውን ብትመልሱልን ጽሑፉ በሦስቱም ቋንቋ እኩል ቀን ይገባል።


የሕግ ሰው

እስከ ሐሙስ ረቂቁን እዚህ እለጥፋለሁ። ጠያቂው የሚፈርምበት ስምና አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ደፍራችሁ የምትፈርሙ በግል መልእክት ጻፉልኝ።


ነምበር ዋን

የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ልሁን።


ሐፈት ኢሳ

የሶማሊኛውን እወስዳለሁ። አባቴ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ ያነብላቸዋል፤ የሚሉትን ይዤ እመለሳለሁ።


ጡረተኛ ቴክኒሻን

ከመልካ ጀብዱ እስከ ዋሂል፣ ከሳቢያን እስከ ላይኞቹ ቀበሌዎች ያላችሁ ሁሉ ይህን አድርጉልኝ። ዛሬ ማታ ዜና ሲጀምር ሬዲዮናችሁን ክፈቱና ጥርት ብሎ የሚሰማበትን፣ የሚቆራረጥበትን፣ ጭራሽ የማይገኝበትን ቦታ ከነሰፈሩ ጻፉ። ቤት ውስጥና ደጅ ለየብቻ ሞክሩት፤ የስልክ ሬዲዮ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ስለሚሆን ሳትሰኩት አትሞክሩ። ስትልኩልኝ በካርታ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር አባሪ ይሁን። ኮረብታዎቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁና ማስተላለፊያ የት እንደሚያስፈልግ ካርታው ሲሞላ እጽፍላችኋለሁ።